ኮሜንታተሩ የማን ደጋፊ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነኝ። ባለቤቴም ልጆቼም የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ደጋፊዎች በመሆናቸው በውድድሩ ወቅት ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ጉዳይ አንይዝም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ የቴሌቪዥን ተንታኝ የሚመደብበት ጨዋታ ሁሉ መናደጃችን ሆኗል። የእኛ ተከላካይ የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ ሲነካ «ጥርጥር የሌለው ጥፋት ነው» ይላል፤ የእነርሱ ተከላካይ ያንኑ ሲያደርግ ደግሞ «እንዲህ ባለ ትልቅ ጨዋታ ዳኞች ተጫዋቾቹን ሊተዉአቸው ይገባል» ይላል። እነርሱ ታችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚ የሜዳ ጫፍ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) ሲያስቆጥሩ ድምፁ ከፍ ይላል፤ እኛ ስናስቆጥር የምንሰማው ግን የተጋጣሚያችን የመከላከል መስመር ምን እንደተሳሳተ ነው። እንዲህ ያለ አድልዎ በአገር አቀፍ ስርጭት ላይ እንዴት ይፈቀዳል? ወይስ የሚሰማን ለእኛ ብቻ ነው?
ከኦሃዮ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎ ሁለት መልስ አለው። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ አንዱን ብቻ ሰጥተን ብናልፍ እርስዎን መሸንገል ይሆንብናል። ለደጋፊ ለመቀበል ከሚከብደው እንጀምር።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1951 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና የዳርትማውዝ ኮሌጅ ቡድኖች በፕሪንስተን ሜዳ ተገናኙ። ጨዋታው ሻካራ ነበር። የፕሪንስተኑ ኮከብ ዲክ ካዝማየር፣ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት በዚያ ዓመት የወሰደው ተጫዋች፣ በሁለተኛው ሩብ አፍንጫው ተሰብሮ ከሜዳ ወጣ፤ በሦስተኛው ሩብ ደግሞ የአንድ የዳርትማውዝ ተጫዋች እግር ተሰበረ። ፕሪንስተን 13 ለ 0 ቢያሸንፍም ክርክሩ ከጨዋታው በኋላ ለሳምንታት ቀጠለ። በፕሪንስተን በኩል ዳርትማውዞች ካዝማየርን ሆን ብለው እንደጎዱት ሲነገር፣ በዳርትማውዝ በኩል የነበረው እምነት ፕሪንስተኖች ኮከባቸው ስለተጎዳ ብቻ ነገሩን አጋነዋል የሚል ነበር። ከሁለቱ ተቋማት የመጡ አልበርት ሃስቶርፍና ሃድሊ ካንትሪል የተባሉ ምሁራን ታዲያ የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ወገን ተማሪዎች አሳዩና ያዩትን የደንብ ጥሰት ሁሉ እንዲመዘግቡ ጠየቁ። በ1954 ባሳተሙት ውጤት መሠረት የዳርትማውዝ ተማሪዎች በገዛ ቡድናቸው ላይ ያዩት ጥፋት በአማካይ 4.3 ሲሆን፣ የፕሪንስተን ተማሪዎች በዚያው የዳርትማውዝ ቡድን ላይ ያዩት 9.8 ነበር። ፊልሙ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከተመልካቹ ዓይን የመጣ ነው።

ይህ በዓይን የታየ ጉዳይ ነው ቢሉ፣ በጆሮ ስለሚሰማው ዘገባም ተመሳሳይ ጥናት አለ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በ1985 የታተመው የሮበርት ቫሎን፣ የሊ ሮስና የማርክ ሌፐር ጥናት በ1982 በቤይሩት ስለደረሰው እልቂት የተሠራጩ የቴሌቪዥን ዜናዎችን ለእስራኤልም ለአረቦችም ለሚቆረቆሩ ተማሪዎች አሳይቷል። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ዘገባ በእኛ ላይ ያደላ ነው አሉ። ነገሩ ከፉትቦል እጅግ የከበደ ቢሆንም የሰው ልብ አሠራር ግን ያው ነው። ስለምንወደው ነገር የሚነገር ምስጋና ተገቢው እውነት ሆኖ ስለሚሰማን ሳናስተውለው ያልፋል፤ ወቀሳው ግን ይቆረቁረናልና አብሮን ይከርማል። በጨዋታው ማግስት ተንታኙ ስለ ቡድንዎ የተናገረውን መልካም ነገር ለማስታወስ ቢሞክሩ ምን ያህሉ ትዝ እንደሚልዎት ይመልከቱ።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምንዎታለን። ያናደደዎትን ጨዋታ ውጤቱ ከበረደ በኋላ እንደገና ይመልከቱት፤ ቢቻል የተጋጣሚው ደጋፊ ከሆነ ወዳጅ ጋር ቢሆን ይመረጣል። ስለ ኳስ ተቀባዩ የጻፉልን ነገር ሊመዘን የሚችል በመሆኑ ከደብዳቤዎ ሁሉ ጠንካራው ክፍል ነው። በኮሌጅ ደንብ ተከላካይ ኳሱ በአየር ላይ ሳለ ተቀባዩን አግባብ በሌለው ንክኪ ካሰናከለ ቅጣቱ እስከ 15 ያርድ ይደርሳል፤ ለአጥቂው ቡድንም አዲስ የመጀመሪያ ዳውን፣ ማለትም ኳሱን ወደፊት የማስጓዝ ሙከራውን እንደገና ከአንድ የመቁጠር ዕድል፣ ያሰጠዋል። ይህ የጨዋታን ዕጣ የሚለውጥ ውሳኔ ስለሆነ ተንታኙ በአንዱ ላይ ደንቡን አጥብቆ በሌላው ላይ ካላላ፣ ሁለቱን ቅጽበቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት ይቻላል። የድምፁ ከፍታ ግን እምብዛም ማስረጃ አይሆንም። የሜዳው ባለቤት ሲያስቆጥር ስታዲየሙ በጩኸት ስለሚናወጥ ማንኛውም ኮሜንታተር እንዲሰማ ብሎ ድምፁን ከፍ ማድረጉ አይቀርም፤ እንግዳው ቡድን ሲያስቆጥር ሜዳው ጭር ስለሚል ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ቅር የተሰኙባቸው ጨዋታዎች ቡድንዎ ከሜዳው ውጪ ያደረጋቸው እንደሆኑ አስቀድመው ያጣሩ።

ከሥራው ጠባይ የሚመጣም አለ። የስርጭት ቡድኑ ከጨዋታው በፊት ባለው ጊዜ፣ በተለይም ዓርብ ዕለት፣ አሠልጣኞችንና አንዳንድ ተጫዋቾችን ያነጋግራል፤ የኮከቦችን ታሪክ፣ የጉዳትና የቤተሰብ ወሬ፣ በስክሪኑ ላይ የሚወጡ አኃዞችን ያዘጋጃል። ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ የሃይዝማን ዕጩ የሆነ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች) ካለው ከተዘጋጀው ውስጥ ብዙው የእርሱ ይሆናል፤ የተዘጋጀ ነገር ደግሞ ሳይነገር አይቀርም። ልዩነቱ ሲሰፋ ተንታኙ ስለ ተመሪው ቡድን ማንሠራራት ደጋግሞ ማውራቱም የተለመደ ነው፤ የመሪው ደጋፊ ይህን እንደ ምኞት ይሰማዋል፣ የአስተላላፊው ፍላጎት ግን ተመልካቹ ጣቢያ እንዳይቀይር ነው። የትኛው ቅጽበት በዝግታ ተደግሞ እንደሚታይም የሚወስነው በማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ሳይሆን ከስታዲየሙ ውጪ በቆመው የስርጭት መኪና ውስጥ ያለው ፕሮዲዩሰርና ዳይሬክተር ነው። «የእኛን ጥፋት ሦስት ጊዜ ደገሙት» የሚል ቅሬታ ያለው ሰው ተንታኙን መውቀሱ ትክክለኛውን ሰው መሳት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ እንምጣ፤ በእኛ እምነት ደጋፊዎች ቁጣቸውን ሊያውሉበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አድልዎ ካለ ከአንድ ሰው ጉሮሮ ይልቅ መፈለግ ያለበት በውሉ ውስጥ ነው።

ቀድሞ የኮሌጅ ፉትቦልን የቴሌቪዥን ስርጭት በአንድነት የሚቆጣጠረው የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ ነበር፤ አንድ ቡድን በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ ሊታይ እንደሚችል ጭምር ይወስን ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን በመቃወም ከሰሱና በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ የኤንሲኤኤ ዕቅድ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግን ይጥሳል ሲል ፈረደ። (ውሳኔውን ተቃውመው የጻፉት ዳኛ ባይረን ዋይት ሲሆኑ፣ እርሳቸው በወጣትነታቸው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ታላቅ የፉትቦል ተጫዋች ነበሩ።) ከዚያ በኋላ ኮንፈረንስ የሚባሉት የዩኒቨርሲቲ ሊጎች (እንደ ቢግ ቴን፣ ኤስኢሲና ኤሲሲ ያሉት) እና ትምህርት ቤቶች የስርጭት መብታቸውን በየፊናቸው መሸጥ ጀመሩ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤንቢሲ ከ1991 ጀምሮ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ በሜዳው የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች ያስተላልፋል። በ2007 የተከፈተው ቢግ ቴን ኔትወርክ በአብዛኛው ድርሻው የፎክስ ንብረት ነው፤ በ2014 የተከፈተው የኤስኢሲ ኔትወርክ ደግሞ የስፖርት ጣቢያው የኢኤስፒኤን ነው። ከ2024 ጀምሮ የኤስኢሲ ጨዋታዎች በሙሉ በኢኤስፒኤንና በእህት ጣቢያው ኤቢሲ እጅ ገብተዋል፤ ቢግ ቴን ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የገባውና በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የሰባት ዓመት ውል በጠቅላላው ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተዘግቧል።

እንዲህ ያለ ገንዘብ የከፈለ ድርጅት የገዛው ሊግ በሕዝብ ዘንድ ታላቅ ሆኖ እንዲታይ ቢፈልግ አያስደንቅም። ይህን ለማድረግ ለተንታኙ «ለእገሌ አድላ» የሚል ትእዛዝ መስጠት አያስፈልገውም። የትኛው ጨዋታ በምሽቱ ዋና ሰዓት ይተላለፋል? በሳምንቱ መካከል በሚቀርቡ የውይይት ዝግጅቶች ላይ ስለማን ይወራል? የማን ሽንፈት «ከባድ ግጥሚያ ስለገጠመው» ተብሎ ይታለፋል፣ የማንስ ድል «ደካማ መርሐ ግብር» ተብሎ ይናናቃል? ሚዛኑ የሚያዘነብለው በእነዚህ ምርጫዎች ነው።

ጉዳዩ በይፋ የፈነዳው በዲሴምበር 2023 ነው። ፍሎሪዳ ስቴት 13 ጨዋታ አድርጎ 13ቱንም አሸንፎ፣ የኤሲሲ ሻምፒዮን ሆኖ፣ በወቅቱ ለሻምፒዮናው ይጫወቱ ከነበሩት አራት የፕሌይኦፍ ተሳታፊዎች ውጪ ተደረገ፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈው የኤስኢሲ ሻምፒዮን አላባማ ግን ገባ። ውሳኔውን የሰጠው 13 አባላት ያሉት የምርጫ ኮሚቴ ሲሆን፣ የፍሎሪዳ ስቴት ኳርተርባክ ጆርዳን ትራቪስ መጎዳቱ ቡድኑን እንደለወጠው በምክንያትነት ጠቀሰ። ደጋፊዎቹ ግን ፕሌይኦፉን የሚያስተላልፈው ኢኤስፒኤን ለኤስኢሲ ያደላ እንደነበር አጥብቀው ተናገሩ። በዚህ ላይ የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ኮሚቴው በጣቢያ ትእዛዝ እንደሠራ የሚያሳይ ማስረጃ አላየንም፤ ኢኤስፒኤን የኤሲሲንም ጨዋታዎች በውል የያዘ ጣቢያ ስለሆነ ክሱ ደጋፊዎቹ እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። ሆኖም ጨዋታውን የሚያስተላልፍ፣ የአንዱን ኮንፈረንስ ቴሌቪዥን በባለቤትነት የያዘና ማን ለሻምፒዮናው እንደሚገባው በየዕለቱ የሚያከራክር ድርጅት አንድ ሲሆን፣ ተመልካቹ መጠራጠሩ የራሱ ጥፋት አይደለም። የጥቅም ግንኙነቱ በየስርጭቱ በግልጽ ቢነገር ግማሹ ጥርጣሬ ይቀል ነበር፤ ይህን መጠየቅ የደጋፊ መብት ነው ብለን እናምናለን።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሱ፤ የእርስዎ ኦሃዮ ስቴት የቢግ ቴን አባል ነው። ፎክስ በቢግ ቴን ኔትወርክ ላይ ስላለው ድርሻ የሌላ ኮንፈረንስ ደጋፊ ይህንኑ ክስ በእርስዎ ቡድን ላይ ያቀርባል፤ ክርክሩን የሚያነሱ ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ሊቀበሉት ይገባል።

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ስርጭቱ ላይ ከሚቀመጡት ተንታኞች አብዛኞቹ የቀድሞ ተጫዋቾች ወይም አሠልጣኞች ናቸው። ዳኛ ቢሆኑ ኖሮ በተማሩበት ትምህርት ቤት ጨዋታ ላይ እንዲዳኙ ማን ይፈቅድላቸው ነበር? ታዲያ ማይክሮፎኑ ለምን ይሰጣቸዋል?
ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በስርጭቱ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ሥራቸው የተለያየ ነው። ኳሱ የት እንደደረሰና ማን እንደያዘው የሚነግረን ዋናው ኮሜንታተር ብዙውን ጊዜ በጋዜጠኝነት ሙያ ያደገ ሰው ነው፤ ተንታኙ ግን ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን እንዲያስረዳ የተቀጠረ ነው፤ ይህን ደግሞ ያልተጫወተ ወይም ያላሠለጠነ ሰው በሰኮንዶች ውስጥ አንብቦ ለመናገር ይቸገራል። ዕውቀቱን ስንፈልግ ታሪኩም አብሮ ይመጣል።

ታሪኩ ሁልጊዜ ወደ ቀድሞ ቤት ያደላል ማለት ግን አይደለም። ኬርክ ኸርብስትሪት የኦሃዮ ስቴት ኳርተርባክ የነበረና በኋላም በኢኤስፒኤን ታዋቂ ተንታኝ የሆነ ሰው ነው። በ2011 ቤተሰቡን ይዞ ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከኮሎምበስ ወደ ናሽቪል ሲዛወር በምክንያትነት የተናገረው የገዛ ትምህርት ቤቱ ደጋፊዎች ይነቅፈናል እያሉ ያደርሱበት የነበረውን ጫና ነው። የሌሎች ቡድኖች ደጋፊዎች ደግሞ ለኦሃዮ ስቴት ያደላል ይሉት ነበር። የቀድሞ ተጫዋች አድሎ እንዳይባል በመፍራት በራሱ ወገን ላይ መጠንከሩ የታወቀ ነገር ነው፤ ይህም በራሱ ሚዛን ማጣት ነው፣ ደጋፊውም ይህን ቢያስተውል አልተሳሳተም።

እኛን ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሚያሳስቡን በሁለት ሥራ መካከል ወደ ቴሌቪዥን የሚመጡ አሠልጣኞች ናቸው። አሠልጣኙ ኧርባን ማየር የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲን ከለቀቁ በኋላ በ2011 የውድድር ዘመን በኢኤስፒኤን ተንታኝ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የኦሃዮ ስቴት አሠልጣኝ ሆነው ተሾሙ። በእርሳቸው ላይ የምናነሳው ክስ የለም፤ ነገሩ ከአንድ ሰው በላይ ነው። ነገ ቅጥር ሊጠይቅ የሚችል ሰው ዛሬ የሚቀጥሩትን የዩኒቨርሲቲ አትሌቲክስ ኃላፊዎች ወይም የሙያ ባልደረቦቹን በነፃነት ይወቅሳል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። እንዲህ ያለው አድልዎ ለአንድ ቡድን ሳይሆን ለአሠልጣኞች ወገን በመሆኑ ደጋፊዎች በየሳምንቱ ከሚያሰሙት ጩኸት ውስጥ ሲነሣ አንሰማም። አሠልጣኙ በአራተኛ ዳውን፣ ማለትም በመጨረሻው ሙከራ፣ የተሳሳተ ውሳኔ ሲወስን ተንታኙ በዝምታ ካለፈ፣ ያ ዝምታ ከድምፅ ከፍታ ይልቅ ሊመረመር ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ወገንተኛ ኮሜንታተርን ለኤፍሲሲ መክሰስ ይቻላል? ካልሆነስ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ ሬዲዮ ማዳመጡ ይሻላል?
ከሜሪላንድ

መልስ፦ የፌደራል የመገናኛ ኮሚሽን፣ ማለትም ኤፍሲሲ፣ በስርጭት የሚነገረውን ሐሳብ ሳንሱር እንዳያደርግ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ «ተንታኙ ለተጋጣሚያችን አደላ» የሚል አቤቱታ እዚያ ውጤት አያመጣም። በ1949 የወጣውና ጣቢያዎች በአከራካሪ የሕዝብ ጉዳዮች ላይ ሚዛናዊ እንዲሆኑ ያስገድድ የነበረው መመሪያም በ1987 ቀርቷል፤ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜም ቢሆን የፉትቦል ትንታኔን የሚመለከት አልነበረም።

አቤቱታው ሊደርስ የሚገባው ለአስተላላፊው ድርጅትና ለትምህርት ቤትዎ የአትሌቲክስ ክፍል ነው፤ መብቱን በኮንፈረንሱ በኩል የሸጠው ትምህርት ቤቱ ነውና። ሲጽፉ የጨዋታውን ቀን፣ ሩቡንና በሰዓቱ ላይ የቀረውን ጊዜ፣ የተነገረውን ቃል እንዳለ፣ እንዲሁም በሌላው ቡድን ላይ የደረሰውንና በተለየ መንገድ የተተረጎመውን ተመሳሳይ ቅጽበት ይጥቀሱ። «ሁልጊዜ ይጠሉናል» የሚል ደብዳቤ አንባቢው ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ወደ ተንታኙ የግል አድራሻ ወይም ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ ስድብና ማስፈራሪያ ደግሞ በምንም ምክንያት ተቀባይነት የለውም፤ እውነተኛ ቅሬታ ያላቸውን ሰዎችም ድምፅ የሚያሳጣው እርሱ ነው።

ስለ ሬዲዮው፣ የዩኒቨርሲቲው የሬዲዮ ስርጭት ለራሱ ቡድን ደጋፊዎች የተዘጋጀ ስለሆነ ኮሜንታተሩ ወገኑን አይደብቅም፤ አድማጩም ይህን አውቆ ያዳምጠዋል። አድልዎ የሚያስቆጣን ገለልተኝነት ከጠበቅንበት ቦታ ሲመጣ ነው። በ2014 የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎች ሲተላለፉ ከመደበኛው ስርጭት ጎን ለየቡድኑ በይፋ የሚያደሉ ኮሜንታተሮች ያሉባቸው ሁለት ተጨማሪ ጣቢያዎች ተከፍተው ነበር። ይህን ሳያውቁ ወደ እነርሱ የገቡ ተመልካቾች የአስተላላፊዎቹን አድልዎ እያወገዙ ቅሬታቸውን አሰሙ። አውቀው የመረጡት ደጋፊዎች ያንኑ ድምፅ በደስታ አዳመጡት።

ሬዲዮውን ከመረጡ አንድ እንቅፋት አለ። በአንቴና የሚሰማ ሬዲዮ ብዙውን ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ይቀድማል፣ በተለይ ጨዋታውን በኢንተርኔት የሚያዩ ከሆነ ታችዳውኑን ሳያዩት ይሰሙታል። ለዚህ ድምፁን በጥቂት ሰኮንዶች የሚያዘገዩ መተግበሪያዎችና መሣሪያዎች አሉ። ሬዲዮውን በኢንተርኔት የሚያዳምጡ ሆነው ድምፁ ከምስሉ ከዘገየ ደግሞ፣ ጨዋታው ሲጀመር ቴሌቪዥኑን ለአፍታ አቁመው ኮሜንታተሩ የመክፈቻውን ምት ሲናገር መልሰው ያስጀምሩት።